ሰርተፊኬቱ ሌላ፣ ክሬዲቱ ሌላ

(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «በቅናሽ ዋጋ ኦንላይን ተምሮ ሁለተኛ ዲግሪ ስለመያዝ ትንሽ ተናገሪልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ጅማ እኛ በነበርንበት ጊዜ ኢንተርኔት ማለት ላይብረሪ ገብቶ ኮምፒውተር ፊት መሰለፍ ነበር። ወረፋችን ደርሶ አንድ ኢሜይል እስኪከፈት ድረስ መብራት ይጠፋል። ከዚያ ወደ ዶርም፣ በዚያ በማያባራ ዝናብ! ዛሬ ያው ሰው በስልኩ ማስተርስ ይማራል ቢሉን ኖሮ ማን ያምን ነበር?

ደግሞም እኛ የጅማ ልጆች ማኅበረሰብ ውስጥ ተምረን ነው የወጣነው። ቲቲፒ ወጥተን አጋሮ፣ ሸቤ ወይም አሰንዳቦ ከነርሱ፣ ከጤና መኮንኑና ከላቦራቶሪው ተማሪ ጋር አብረን አድረን፣ ሽንት ቤት ቆጥረን፣ እናቶችን ጠይቀን፣ ማታ በፋኖስ ቁጥር ስንደምር ያመሸን ሰዎች ነን። ስለዚህ ስክሪን ፊት ተቀምጦ መማር ትምህርት አይመስለኝም ነበር። አሁን ይመስለኛል። እዚህ ለመድረስ ግን ጥቂት ዓመትና የአንድ ሰው ገንዘብ ጠፍቷል። ገንዘቡ የእኔ አልነበረም። ዛሬ መናገር የፈለግሁት በተለይ ስለ እሱ ነው።

ሕፃናት ሕክምና ስፔሻላይዝ አድርጌ አንድ የክልል ሆስፒታል ተመደብኩ። በ2006 ዓ.ም. ገደማ ይመስለኛል ነፃ ኮርሶችን ያገኘሁት። ኮርሴራና ኢዴክስ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው የተጀመሩት፤ ወሬው እኛ ጋ እስኪደርስ ትንሽ ቆየ። ሱስ ሆነብኝ። ኤፒዲሚዮሎጂ ወሰድኩ፣ ባዮስታቲስቲክስ ወሰድኩ፣ የጤና ኢኮኖሚክስ ጀመርኩ። መክፈል ለማይችል ማመልከቻ ጽፎ የክፍያ ድጋፍ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ እኔም እየጻፍኩ ጠየቅሁ፣ ተፈቀደልኝ። ሰርተፊኬቶቹን ፕሪንት አድርጌ በፎልደር ደረደርኩ። አሥራ አንድ ነበሩ። አንዳንዶቹ ሥር በጣም በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ፤ ይህ ወረቀት የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት አይሰጥም የሚል። ያንን መስመር አላነበብኩትም። ሐኪም ነኝ እኮ፤ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ሰው ሁሉ እንዲያነብ የምመክር ሰው ነኝ።

እዚያው ሆስፒታል አንድ ጤና መኮንን ነበር። ጎበዝ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ሌሊት ተረኛ ሆኖ እንኳን የማይሰለች። እኔ ማታ ማታ ስማር አይቶ «ዶክተር፣ እኔም ልማር ወይ?» አለኝ። «ተማር እንጂ!» አልኩት። እሱ የመረጠው ነፃውን አልነበረም። ብዙ ኮርሶች ተያይዘው መጨረሻ ላይ ስሙ ግርማ ሞገስ ያለው ሰርተፊኬት የሚሰጥ፣ ክፍያ ያለው ፕሮግራም ነበር። ለቤቱ ቆርቆሮ ብሎ ያጠራቀመውን ብር አወጣ። ሁለት ዓመት ገደማ ለፋበት፤ ጨረሰም። ከዚያ ሁለተኛ ዲግሪ የሚጠይቅ የሥራ መደብ ወጣና ወረቀቱን ይዞ ተወዳደረ። መሥሪያ ቤቱ «ይህ ዲግሪ አይደለም፣ ክሬዲትም የለውም፣ አቻ ግምት ሊሰጠው የሚችል ነገር የለም» ብሎ መለሰለት።

ቢሮዬ መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ዶክተር፣ እርስዎ እኮ ማስተርስ ነው ብለውኝ ነበር» አለኝ።

ማስተርስ ነው አላልኩትም ይመስለኛል። አይደለም ብዬም ግን አልነገርኩትም። ሲነግረኝ እየሰማሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ቆይ፣ ይሄ ነገር ክሬዲት አለው ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ልዩነቱን እኔ ራሴ አላውቀውም ነበርና።

ጅማ የኖረ ሰው ይህን በቡና ቢያስበው ይቀለዋል። ጓሮህ ያለው ቡና ያው ቡና ነው፤ ጠጥተኸው ትረካለህ። ተመዝኖ፣ ተቀምሶ፣ ደረጃ ካልወጣለት ግን ወደ ውጭ አይላክም። ትምህርቱም እንደዚያ ነው። ነፃው ኮርስ ዕውቀት ይሰጣል፤ እኔ በእነዚያ ኮርሶች የተማርኩትን አሁንም እጠቀምበታለሁ። ክሬዲት ግን መዛኝ ይፈልጋል፤ ፈተናውን በቁጥጥር የሚሰጥ፣ ውጤቱን በትራንስክሪፕት የሚያስገባና «ይህ ለዲግሪዬ ይቆጠራል» ብሎ በመተዳደሪያው የጻፈ ዩኒቨርሲቲ።

እንደዚህ ያለ መንገድ፣ ዋጋው እንደኛ ላለ ሰው የሚቀመስ፣ አለ። ማኅበረሰብ ጤና ላይ ላላችሁ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ኤምአይቲ በዳታ፣ በኢኮኖሚክስና በልማት ፖሊሲ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የከፈተው ማይክሮማስተርስ አለ፤ ከመምህራኑ መካከል በ2019 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ይገኙበታል። ቪዲዮውን ማየት ነፃ ነው፤ ፈተና ወስዶ ሰርተፊኬት ለሚፈልግ ደግሞ ክፍያው በሰውየው ገቢ ይወሰናል። ሲጀመር ለአንድ ኮርስ ከ100 እስከ 1000 ዶላር ነበር። ጨርሶ ወደ ማስተርሱ ለተቀበሉት ሰው ኮርሶቹ ይቆጠሩለታል። «ለተቀበሉት» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ያልተቀበሉት ሰው እጅ ላይ የሚቀረው ጥሩ ዕውቀትና ጥሩ ሰርተፊኬት ነው፤ ማስተርስ አይደለም። ስሙ ውስጥ «ማስተርስ» የሚል ቃል ስላለ ብቻ ለዘመድ አዝማድ እንዳትደውሉ።

አሜሪካ ያላችሁ ጓደኞቻችን፣ ከሕክምና ወደ ዳታ ማዘንበል ያማራችሁ ካላችሁ፣ የጆርጂያ ቴክ የኮምፒውተር ሳይንስ ኦንላይን ማስተርስ ከ2014 ጀምሮ ሙሉ ዲግሪው ወደ 7000 ዶላር ገደማ ነው ያስከፈለው። የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በኮርሴራ በሚሰጠው የዳታ ሳይንስ ማስተርስ የድሮ ትራንስክሪፕት ሳይጠይቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ኮርሶች ለክሬዲት ከፍለህ በጥሩ ውጤት ካለፍክ ያስገባሃል። በሁለተኛ ዓመት ባዮኬሚስትሪ ላይ የሆንነውን ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ትልቅ ምሕረት ነው። (ሳቅ)

እኔ የመረጥኩት የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ነው። የርቀት ትምህርት እዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ከ1858 ጀምሮ ውጭ አገር ላለ ሰው ሲፈትን ኖሯል። ጥሩነቱ፣ ብዙዎቹ አንድ ሞጁል ብቻ ከፍለህ እንድትሞክር ይፈቅዳሉ፤ ካለፍክና ከቀጠልክ ያቺ ሞጁል ለዲግሪው ትቆጠራለች። የእነሱ ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው። አንድ ክሬዲት የአሥር ሰዓት ያህል ጥናት ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ 15 ክሬዲት ያላት ሞጁል 150 ሰዓት ናት፤ በሳምንት አሥር ሰዓት ብታጠኑ አሥራ አምስት ሳምንት። ይህን ስሌት ለባለቤቴ በወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩለት። ማን ልጆቹን እንደሚያስተኛ አስቀድሞ መስማማት ነበረብን።

ክፍያው ሌላ ጣጣ ነበር። የእኔ ካርድ ውጭ አይሠራም። ዋሽንግተን ያለች የአክስቴ ልጅ በራሷ ካርድ ትከፍልልኝ ነበር፤ በየሞጁሉ እየደወልኩ ማስቸገሩ ያሳፍር ነበር፣ እሷ ግን አንድ ቀን አላማረረችም። ዶላሩ በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ነው የጨረስኩት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለሚጀምር ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሄዷልና በድሮው ስሌት አትነሱ። ሙሉውን ዲግሪ ሳይሆን የቀጣዩን ሞጁል ብቻ አስቡ።

ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ አሳይንመንቴ ላፕቶፔ ላይ ተጽፎ አልቋል፤ መላኪያ የለም። ስልክ ግን ይሠራ ነበር። ለአክስቴ ልጅ ደውዬ፣ ለቱተሩ የሚላከውን ኢሜይል ቃል በቃል አጻፍኳት። ቀን ተጨመረልኝ። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ሥራ ከቀኑ አንድ ሳምንት ቀድሜ ነው የምልከው።

ትምህርቱ ምን ጠቀመሽ ለምትሉኝ፤ አንዱ ሞጁል በሥራ ቦታችን ካለ መዝገብ ዳታ አውጥተን እንድንተነትን አዘዘ። የጨቅላ ሕፃናት ክፍላችንን መዝገብ አወጣሁ። ለዓመታት በየቀኑ የምፈርምበት መዝገብ ነው። ስደረድረው፣ በኦፕራሲዮን ተወልደው ወደ እኛ ከሚመጡት ሕፃናት ብዙዎቹ ሲገቡ የሙቀት መጠናቸው ከ36.5 በታች ነው። ቀዝቅዘው ነው የሚደርሱን! ኦፕራሲዮን ክፍሉ ከእኛ ክፍል ብዙ አይርቅም፤ ግን መሐል ያለው ኮሪደር ክፍት ነው፣ ነፋስ አለው፤ ሕፃኑም በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። በየቀኑ ዓይኔ እያየ አላየሁትም። ከአዋላጆቹ ጋር ተነጋግረን ደረቅ ጨርቅና ቆብ እዚያው እንዲዘጋጅ፣ ሕፃኑም በእናትየው ደረት ላይ ወይም በደንብ ተሸፍኖ እንዲመጣ አደረግን። መምህሮቼ፣ እናንተ አጋሮ ላይ ሽንት ቤት ያስቆጠራችሁን ለዚህ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ይቅርታ፣ ትንሽ ዘገየሁ።

በኦንላይን የማይሆነውንም ልናገር። ቀዶ ሕክምና፣ ማኅፀንና ጽንስ፣ ሕፃናት፣ ማንኛውም እጅ የሚፈልግ ስፔሻሊቲ በስክሪን አይገኝም። «የኦንላይን ስፔሻሊቲ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ለጓደኛ እንኳን አታሳዩ።

ወደ ጤና መኮንኑ ልመለስ። ከዚያ ቀን በኋላ ስገናኘው ዓይኑን ማየት ከብዶኝ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅሁት። አብረን ተቀምጠን መጠየቅ የነበረብንን ጥያቄ ጻፍን። ለዩኒቨርሲቲው፦ ይህ ኮርስ ስንት ክሬዲት አለው? ለየትኛው ዲግሪ ይቆጠራል? እስከ ስንት ዓመት? ብዙ ቦታ ክሬዲት ጊዜ ያልፍበታል፣ ከሌላ ቦታ የሚመጣም ገደብ አለው። አገር ውስጥ ደግሞ አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ስለሆነ ለእሱ፦ ይህ ዩኒቨርሲቲ፣ ይህ ፕሮግራም፣ በርቀት ሲወሰድ አቻ ግምት ያገኛል ወይ? ለቀጣሪው፦ ለዚህ መደብ ትቀበሉታላችሁ ወይ? ሁሉንም በጽሑፍ፣ ሁሉንም ከመክፈል በፊት። አሜሪካ ያላችሁም ዩኒቨርሲቲው አክሬዲት መሆኑን በትምህርት ሚኒስቴራቸው ዝርዝር ላይ አረጋግጡ፤ የማኅበረሰብ ጤና ማስተርስ ከሆነ ለዘርፉ የተለየ አክሬዲት አድራጊ አካልም አለ።

አንዳንዱ መልስ ለመምጣት ወራት ፈጀ። አንዱ ጭራሽ አልመጣም፤ ያንን ፕሮግራም ተወው። መልሱ ሙሉ በሆነለት ቦታ ግን በአንድ ሞጁል ጀመረ። የመጀመሪያዋን ሞጁል የከፈልኩት እኔ ነኝ። «አይሆንም» ብሎ ሦስት ቀን ተከራከረኝ። ዕዳ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም ስለው ተቀበለ። አሁን ግማሹን አልፏል። የቤቱ ቆርቆሮም ባለፈው ክረምት ተመትቷል፤ ደውሎ ነገረኝ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ ሰምታችሁ የሆነ ኮርስ የጀመራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የባቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሊንክ እየለጠፍኩ «ተማሩ፣ ነፃ ነው» ስል የከረምኩት እኔ ነኝ። ተማሩ፤ ነፃም ነው፤ ግን ለምን እንደምትፈልጉት ሳልጠይቃችሁ ነው የለጠፍኩት። ለዕውቀት ከሆነ ቀጥሉበት። ለዕድገት ወይም ለዲግሪ ብላችሁ ከሆነ ግን ቀጣዩን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት አናግሩኝ።

ከምሳ በኋላ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላፕቶፔን ይዤ እቀመጣለሁ። የጀመራችሁትን የኮርስ ስምና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አምጡ። ለዩኒቨርሲቲው የሚላከውን ደብዳቤ እዚያው አብረን እንጽፈዋለን። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለሁ።