ተራራ ከመብሳታችን በፊት
(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ያለው የቡና ምድራችን ዝናም የማይነፍገው፣ ወንዙም ከዳገት ወደ ቆላ የሚወረወር ነው። ስለዚህ ብዙዎች «በውኃ ኃይል ለምን መብራት አናገኝም?» ይሉናል። ጥያቄው መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በመቱ አካባቢ በሶር ወንዝ ላይ 5 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀምሯል። ነገር ግን «ውኃውን ለማሳለፍ ተራራውን እንብሳ» ሲባል ቆም ብለን ሦስት ነገር እንመርምር።

አንደኛው የሰው ሕይወት ነው። በዋሻ ውስጥ የናፍጣ ወይም የቤንዚን ሞተር ማስነሣት ይገድላል። በጭሱ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሠራተኛው ሳያውቀው ይወድቃል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይጨስም። ጄኔሬተሩ ከዋሻው አፍ ርቆ ይቆማል፤ ኤሌክትሪክ ሞተሩም ውጭ ሆኖ ኮምፕሬሰሩን ያዞራል፤ አለት መብሻው በጎማ ቱቦ በሚገባው አየር ይሠራል። ውኃ በሚንጠባጠብበት ዋሻ ይህ ይሻላል፤ ውኃና ኤሌክትሪክ አይስማሙምና። የአለት አቧራም ሳንባ ስለሚጎዳ ሲበሱ በውኃ ማራስ ግድ ነው።

ሁለተኛው ሒሳቡ ነው። ሞተር በቀጥታ ሲነሣ በሥራ ላይ ከሚወስደው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ይስባል። ስለዚህ ለ15 ኪሎዋት ሞተር 15 ኪሎዋት ጄኔሬተር አይበቃም። በአንጻሩ በሴኮንድ 100 ሊትር ውኃ ከ20 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ የሚባክነው ተቀንሶ የምናገኘው 12 ኪሎዋት ያህል ነው። እንግዲህ የመቆፈሪያው ሞተር ከጣቢያው ሊበልጥ ነው!

ሦስተኛው የተራራው ሆድ ነው። የጊልጌል ጊቤ ሁለት ዋሻ 26 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ የቆፈሩትም ግዙፍ መሣሪያዎች ናቸው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2006 በግፊት የመጣ ጭቃ አንዱን መሣሪያ ወደ ኋላ ገፋው። በጥር 2010 ከተመረቀም በኋላ ብዙ ቀን ሳይቆይ የዋሻው ክፍል ተደርምሶ ሥራው ለወራት ቆመ። ትልቅ ገንዘብ ያለውን እንዲህ ከፈተነ፣ አነስተኛ ማኅበርንማ ምን ያደርገው!

ስለዚህ ለአነስተኛ ጣቢያ ምክራችን ይህ ነው፤ የተራራውን ወገብ ተከትላችሁ በዶማና በአካፋ ቦይ አውጡ፤ ቁልቁለቱን በቧንቧ አውርዱ። ቦይ ቢናድ በአንድ ቀን ደቦ ይጠገናል፤ ዋሻ ቢናድ ግን ከሥሩ የሚቀረው የእናንተው ልጅ ነው። ቦዩ በቡና ማሳው የሚያልፍበትን ገበሬ አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ካሣውንም ከመብራቱ በፊት ክፈሉ።