ኃላፊነትን ስለ ማስረከብ
(በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የተነበበ የስንብት ንግግር)



ባለፈው እሑድ ያልተገኛችሁ አባላትም እንድታነቡት ንግግሩን በሰሌዳችን ላይ ለጥፈነዋል።

እንደምታውቁት ለ26 ዓመት ዕድራችንን የመሩት ዳኛችን ጋሼ እርጅናው ስለ ተጫናቸው ኃላፊነታቸውን አስረክበዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሶዶ ውስጥ የእኛ ድንኳን ሳይተከል ያደረ ለቅሶ የለብንም። ዝናብም ቢሆን ሌሊትም ቢሆን ጥሩምባው ሲነፋ እሳቸው ቀድመው ይወጡ ነበር። ነገር ግን እኛ የምናመሰግናቸው በዚህ ብቻ አይደለም።

ከ14 ዓመት በፊት ሸክላ የሚሠሩ ሦስት ቤተሰቦች ዕድር እንግባ ብለው ጠይቀው ነበር። እውነቱን እንናገር፤ ብዙዎቻችን «ከእነሱ ጋር አንድ ገበታ አንቀርብም» አልን። ያን ጊዜ ጋሼ ተነሡና፣ «ቡና የምታፈሉበትን ጀበና ማን ሠራው?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም ዝም አልን። ሰዎቹም ገቡ። በዚያው ዓመት ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ሐዘን ሲደርስበት የድንኳኑን እንጨት ተሸክመው ቀድመው የደረሱት እነሱ ነበሩ።

ይህን ስናስብ የአቶ ዮና ቦጋለ ታሪክ ትዝ አለን። ጎንደር ከወላይታ ሩቅ ነው፣ ነገሩ ግን ቅርብ ነው። ቤተ እስራኤል የሚባሉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ በእርሻ፣ በአንጥረኛነትና በሸክላ ሥራ የሚተዳደሩ ነበሩ። ብረቱንና ገንቦውን የሚገዛቸው ሰው ደግሞ «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር። አቶ ዮና እ.ኤ.አ. በ1908 ከእነዚሁ ወገኖች ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተልከው፣ ከዚያም በአውሮፓ ተምረው ተመለሱ። ብዙ ቋንቋ ያውቁ ስለ ነበር የመንግሥት ሥራ አልቸገራቸውም። ሆኖም በ1950ዎቹ የመንግሥት ሥራቸውን ትተው ለወገናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ማደራጀቱን ያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 ከቤተ እስራኤል ወጣቶች ሁለት ቡድኖች እስራኤል አገር ክፋር ባትያ ወደሚባል ትምህርት ቤት ተልከው ነበር። አብዛኞቹ ተመልሰው በየመንደሩ አስተማሪ ሆኑ። ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ አልቀረም ማለት ነው።

አቶ ዮና እ.ኤ.አ. በ1979 ወደ እስራኤል ሄዱ። ዕድሜያቸው 70 አልፎ ነበር። ታዲያ አረፉ? አላረፉም። በዚያው ዓመት ካናዳ፣ ሞንትሪያል ከተማ በተደረገ ትልቅ የአይሁድ ማኅበራት ጉባኤ ላይ ቆመው በአገር ቤት ለቀሩት ወገኖቻቸው ተማጸኑ። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ ብዙ ሺህ ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ሲወሰዱ አይተዋል። በግንቦት 1991 በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ሲሄዱ ግን አላዩም፤ በ1987 ዐርፈው ነበር። የጀመሩትን ሌሎች ጨረሱት።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። እሑድ ዕለት «አዲስ ዳኛ ማን ይሁን?» ተብሎ ሲጠየቅ አንድም እጅ አልተነሣም። ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። ይህ ጥፋት የጋሼ አይደለም፣ የእኛ ነው። 26 ዓመት ሙሉ ሸክሙን ለአንድ ሰው ትተን «እሳቸው አሉ» እያልን ተኛን። ማን እንደ ከፈለ፣ ማን በችግር ምክንያት እንደ ተማረ፣ የትኛው ወንበር የት ቤት እንዳለ በቃላቸው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስለዚህ የተስማማንበትን እናሳውቃለን። ጋሼ ለሦስት ወር አማካሪ ሆነው ይቆያሉ። በቃል ያለውን ሁሉ እኛ በመዝገብ እንጽፋለን። ከየመንደሩ አንድ አንድ ወጣት፣ ሴትም ወንድም፣ አጠገባቸው ሆኖ ሥራውን ይለማመዳል። ከሸክላ ሠሪዎቹ ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ከወዲሁ ተመዝግቧል። ሌሎቻችንስ ምን እንጠብቃለን?

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ብድርዎን የምንመልሰው በጭብጨባ አይደለም፤ ጥሩምባው ሲነፋ በመውጣት ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ወላይታ ሶዶ