በተነጠለ ክፍል ውስጥ የፋይሉ ባለቤት ማን ነው?



በእንጅባራም ሆነ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ ሰርቨር ለብዙዎች ሲያገለግል አንድ ችግር ይነሣል። የሲስተም አስተዳደር የሚማር ሰው የአስተዳዳሪነትን ሥልጣን ሳይዝ ሊማር አይችልም፤ ሥልጣኑን ከያዘ ደግሞ የሌላውን ፋይል ሁሉ መክፈት ይችላል። ሁለቱን ማስታረቂያው ክፍሎችን መነጠል ነው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም የአንድን ፕሮግራም እይታ በአንድ ማውጫ ውስጥ መወሰን አስቻለ። ፍሪቢኤስዲ በ2000 «እስር ቤት» የሚል ስያሜ ያለውን ጠንካራ አሠራር አመጣ። ሊኑክስ በ2002 ለየክፍሉ የተለየ የፋይል ሥርዓት እይታ መስጠት ጀመረ፤ በ2013 ብቅ ያለው ዶከርም ኮንቴይነርን ለብዙኃኑ አዳረሰ።

ይሁን እንጂ እይታን መከለልና ሥልጣንን መገደብ አንድ አይደሉም። የአዊ የቀርቀሃ አጥር የመንገደኛን ዓይን ይከልላል፤ መሬቱ የማን እንደሆነ ግን አጥሩ አይወስንም።

ኮንቴይነር የራሱ ከርነል የለውም፤ የአስተናጋጁን ይጋራል። ከርነሉ የፋይልን ባለቤት የሚለየው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ የአስተዳዳሪው ቁጥር 0 ነው። የተማሪዎች ውጤት ያለበት የአስተናጋጁ ማውጫ ለመጻፍ በሚያስችል ፈቃድ ከአንድ ኮንቴይነር ጋር ተያያዘ እንበል። በዶከር የተለመደ አቀማመጥ በውስጥ ያለው 0 በውጭም ያው 0 ነው። ስለዚህ በክፍሉ አስተዳዳሪ የሆነው ተማሪ ውጤቱን ሊለውጥ ይችላል። አጥር አልጣሰም፤ በሩን የከፈተለት ማውጫውን ያያያዘው ሰው ነው።

በ2013 ከወጣው ከርነል 3.8 ወዲህ ግን ቁጥሮችን መተርጎም ይቻላል። በውስጥ 0 የሆነው በውጭ ለምሳሌ 100000፣ ማለትም ተራ ተጠቃሚ ይሆናል። ይህ ሲደረግ ቀድሞ ይሠራ የነበረ ፕሮግራም «ፈቃድ የለህም» ሊል ይችላል። መፍትሔው ማውጫውን ለሁሉም መክፈት ሳይሆን፣ ለክፍሉ የሚገባውን ማውጫ ብቻ ለይቶ ለተተረጎመው ቁጥር ማስረከብ ነው።

ሦስት ነገሮችን አደራ እላለሁ። መነበብ ብቻ የሚገባው ማውጫ ለንባብ ብቻ ይያያዝ። ዶከር ትእዛዝ የሚቀበልበት ሶኬት ለተማሪ ክፍል አይሰጥ፤ እርሱን የያዘ አስተናጋጁን ያዘ ማለት ነውና። በኮንቴይነሩ ውስጥ ብቻ የተጻፈ ፋይል ኮንቴይነሩ ሲሰረዝ አብሮ ስለሚጠፋ፣ የመመረቂያ ሥራ ከኮንቴይነሩ ውጭ ባለ ማከማቻ ይቀመጥ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን መረጃ መጠበቅ ሕጋዊ ግዴታችንም ነው። ኮንቴይነር መፍጠር የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ማን የትኛውን ፋይል እንደሚነካ መወሰን ግን የአስተዳዳሪው ኃላፊነት ሆኖ ይቀራል።