በላንጋኖ ውሃ የሚፈላው በስንት ዲግሪ ነው?



በላንጋኖ ሐይቅ አቅራቢያ የሚያስተምር መምህር ውሃ በድስት አፍልቶ የሙቀት መለኪያ ቢነክርበት፣ መለኪያው ወደ 95 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ይቆማል። የተማሪዎቹ መጽሐፍ ግን ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። እንግዲህ መምህሩ «ዕቃው ርካሽ ስለ ሆነ ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ጎን የጣለው እንደ ሆነ፣ ልጆቹ በዐይናቸው ያዩትን ትተው የተጻፈውን ብቻ እንዲያምኑ አስተማራቸው ማለት ነው።

መለኪያው ግን አልዋሸም። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,585 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከፍታ በጨመረ ቍጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። በአዲስ አበባ ከዚህም አንሶ 92 ገደማ ነው። ከቆላ ወደ ደጋ ተዛውሮ «ባቄላ አልበስል አለኝ» የሚል የመንግሥት ሠራተኛ ቢኖር እውነቱን ነው።

ይህን ማንሣቴ ከእናንተ መካከል ለትምህርት ቤት ዕቃ የሚገዙና ግዢ የሚፈቅዱ ስላሉ ነው። በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የትኩሳት መለኪያ ዋጋው ቀላል ቢሆንም ከ35 እስከ 42 ዲግሪ ብቻ የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ በፈላ ውሃ ቢነከር ይሰበራል። ሜርኩሪ ያለበት መለኪያማ እንፋሎቱ መርዝ ነውና በነጻ ቢሰጥ እንኳ ለልጆች ክፍል አይገባም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. በጃፓን የተፈረመው የሚናማታ ስምምነትም አባል መንግሥታት ከ2020 በኋላ እንዲህ ያለውን መለኪያ ከመሥራትና ከመነገድ እንዲያቆሙ ወስኗል። የሚያዋጣው ቀይ ፈሳሽ ያለበት፣ ከዜሮ በታች 10 ጀምሮ እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ አንድ ደኅና መለኪያ ገዝቶ፣ የቀሩትን ልጆቹ ራሳቸው እንዲሠሩ ማድረግ ነው።

አሠራሩም አስቸጋሪ አይደለም። ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ጥቂት ቀለም በተጨመረበት ውሃ እስከ አፉ ይሞላል፤ ክዳኑ ተበስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ስትሮ ይገባበታል፤ ዙሪያው በሰም ይደፈናል። ውስጡ አየር ከቀረ ልኩ ይሳሳታል። ውሃው ሲሞቅ በስትሮው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። ሰሙ እንዳይለቅ ከ50 ዲግሪ በላይ አይነከርም።

ዲግሪውን ለማስመር ላንጋኖ የታደለ ቦታ ነው፤ በዳርቻው ፍል ውሃ ይገኛልና ማገዶ አያስፈልግም። (የአሉቶ ተራራ የከርሰ ምድር ሙቀት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ውሏል።) ነገር ግን ፍል ውሃው ገላ ያቃጥላል፤ አፈሩም ሊደረመስ ስለሚችል ልጆች ወደ ምንጩ እንዳይቀርቡ፤ መምህሩ ራሱ ከሩቅ በገመድ በባልዲ ይቅዳ። ውሃው 50 ዲግሪ ሲደርስ ጠርሙሱና የተገዛው መለኪያ አብረው ይነከራሉ፤ እየቀዘቀዘ በሄደ ቍጥር በየ5 ዲግሪው በስትሮው ላይ መስመር ይሰመራል። መስመሮቹ እኩል አይራራቁም፤ ውሃ በሙቀት የሚሰፋው በአንድ ልክ አይደለምና። ስለዚህ ሁለት ምልክት አድርጎ መካከሉን በማስመሪያ መክፈል አይበቃም።

በመጨረሻም በጠርሙሱ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ቀኑና የሠራው ተማሪ ስም ይጻፍበት። በተገዛው መለኪያ ሣጥን ላይ ደግሞ በዚያው ትምህርት ቤት ውሃ የፈላበት ዲግሪ ተመዝግቦ ለሚቀጥለው መምህር ይተላለፍ።