አደራ ስጦታ አይደለም

(አንዲት አባላችን በእሁዱ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ያደረገችው ንግግር)

እህቶቼ፣ ያለችውን አንድ የዕረፍት ቀን ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ማዳምን ለምናችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙ አላስረዝምም።

ታሪኬን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቤይሩት ከገባሁ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለወንድሜ ብር ላክሁ። «ለቤት መግዣ ነው» ብዬ በስልክ ነገርኩት። «እሺ እህቴ» አለኝ። ቤቱም ተገዛ፤ ፎቶውን ላከልኝ፣ ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት እያወጣሁ አየው ነበር። ለእረፍት አገር ቤት ስገባ ግን ካርታው በእሱ ስም ነው። ሽማግሌ ተቀመጠ። ወንድሜ «ለቤተሰብ ብላ የላከችው መስሎኝ» አለ። እኔ በእጄ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ጠበቃ ጠየቅሁ። የተረዳሁትን ልንገራችሁ። ስጦታ ከሰጠሽው የእሱ ነው፣ አበቃ። አደራ ግን በሌላ ሰው እጅ ያለ የራስሽ ገንዘብ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2199 ጀምሮ ስለ ውክልና ይናገራል። ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን መሆን አለበት። ለእሷ ጥቅም ብቻ ይሠራል፤ ሳታውቅ ለራሱ ትርፍ ማውጣት አይችልም። የተቀበለውን ገንዘብ ያስረክባል፤ ለራሱ ካዋለው ወለድም ይከፍላል። በጠየቀችው ጊዜ ሁሉ ሂሳብ ያሳያል። ወንድምም ይሁን ባል፣ ያው ነው። አውቆ ገንዘቡን ለራሱ ያደረገ ደግሞ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 675 «እምነት ማጉደል» ተብሎ ሊከሰስ ይችላል።

ሕጉ ይህን ይበል እንጂ ማስረጃ ከሌለሽ ዳኛው ምን ያድርግልሽ? ስለዚህ ብር ስትልኪ «ይህ ለቤት መግዣ በአደራ የላክሁት ነው» ብለሽ በጽሑፍ ላኪ፤ እሱም በጽሑፍ ይመልስልሽ። የላክሽበትን ደረሰኝ ፎቶ አንሽና አንድ ቅጂ ጓደኛሽ ጋ አስቀምጪ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይነጠቃልም።

ቤት የሚገዛልሽ ሰው ካለ ውክልናው በጽሑፍ ይሁን፤ በአንቺ ስም እንዲገዛ ተብሎ ይጻፍ። በቆንስላ ይረጋገጣል፣ አገር ቤት ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የሚል ቃል ያለበትን ወረቀት ሳታስነብቢ አትፈርሚ። ሐሳብሽን ከለወጥሽም ውክልናውን መሻር ትችያለሽ፤ መሻሩን ግን ለወኪሉም፣ ወረቀቱን ላሳየበት ቦታም አሳውቂ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የማኅበራችን ሣጥን በእኔ እጅ ነው። አምና አንዲት እህታችን ልጇ ታሞባት እያለቀሰች መጣች። 200 ዶላር ከሣጥኑ አውጥቼ ሰጠኋት። ማንንም አላማከርኩም። በሦስት ወር ውስጥ መለሰች፤ አንድ ዶላር አልጎደለም። ለእናንተ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳችሁም። ያዘንኩላት ከልቤ ነው፤ ገንዘቡ ግን የእኔ አልነበረም። ባትመልስስ ኖሮ? ያ ገንዘብ እኮ የታመመች ማሳከሚያ፣ የሞተች ደግሞ ለአገሯ ማብቂያ ነው። ወንድሜም ሲጀምር ሌባ ልሁን ብሎ አልጀመረም ይሆናል። ጠያቂ አልነበረውም።

ስለዚህ ዛሬ ደብተሩን ይዤ መጥቻለሁ። የ200 ዶላሩም ነገር ተጽፎበታል። ከአሁን በኋላ ሁለት ቁልፍ ይኑር፣ አንዱ በሌላ ሰው እጅ። ሂሳቡ በየወሩ በስብሰባ ይነበብ። ከ50 ዶላር በላይ ሲወጣ ሦስት ሰው ይፈርም። ገንዘብ ያዥ ለመቀየር ከፈለጋችሁም ቅር አይለኝም።

«ሂሳብ አምጪ» ማለት ሌባ ነሽ ማለት አይደለም። ወንድሜን በየዓመቱ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤትም ወንድምም ይኖረኝ ነበር። እባካችሁ እኔን ጠይቁኝ።