«ደኅና ትመስላለህ እኮ» ለሚሉን ጎረቤቶቻችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የስኳር ሕመም ባለብን አባላት ስም የቀረበ ንግግር)



እኛ በየቀኑ ኢንሱሊን እየተወጋን የምንኖር የዚህ ማኅበር አባላት ነን። «እነማን ናቸው?» የሚል አይጠፋም፤ በመልክ አንለይም። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ክራንቹ ይታያልና መንገድ ይለቀቅለታል። የእኛ ቆሽት ሥራውን ማቆሙን ግን ማን ያያል?

አንዲት እኅታችን በ11 ዓመቷ ነው የታመመችው። እስከ ዛሬ «ከረሜላ አብዝተሽ ነው» ይሏታል። የእሷ ዓይነቱ ሕመም የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ራሱ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ሲያጠፋቸው ነው። ከረሜላው የለበትም።

ንግግር ብቻ ቢሆን እንችለው ነበር። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሊተክል ወጣ። ጠዋት መርፌውን ተወግቷል፤ ቁርስ ግን በችኮላ ጥቂት ነበር የቀመሰው። መርፌው የደምን ስኳር ያወርዳል፤ ምግብ ካልተከተለው ደግሞ ከልክ በታች ይወርዳል። ይህን ስለሚያውቅ ዳቦውን ከኪሱ ሲያወጣ፣ «አንተ ደግሞ እንደ አራስ በየሰዓቱ ካልበላህ!» ተባለና ተሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ዳቦውንም ወደ ኪሱ መለሰው። ጥቂት ቆይቶ ላብ አጠመቀው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ምላሱ ተሳሰረ። ያየው ሁሉ «ገና በጠዋቱ ጠጥቶ መጣ» አለ። ነገሩ የገባቸው ሻይ ሲያፈሉ የነበሩ አንዲት እናት ብቻ ናቸው፤ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጡትና ነፍሱ ተመለሰች። የቀለደው ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ወዳጃችን ነው፤ አሁንም እዚሁ ተቀምጧል።

ታዲያ ምን እንመልስ? በዚህ ጉዳይ እርስ በርሳችን ብዙ ተከራክረናል። ተቆጥተን አይተነዋል፤ «ስኳር ያለበት ሰው ቁጡ ነው» የሚል ሌላ ስም ነው ያተረፍነው። ዝም ብለንም አይተነዋል፤ ዝምታው ዳቦውን ኪስ ውስጥ ያስቀራል። አሁን የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ለሁሉም ሰው አናስረዳም፤ «ሕመሜ ነው፣ መብላት አለብኝ» ብለን፣ ቢሳቅም ባይሳቅም እንበላለን። የሚሠራ ሰው ሁሉ አጠገቡ ላለ ለአንድ ሰው አስቀድሞ ይንገር።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አናልፈውም። «ጠበል ግቡና መርፌውን ጣሉት» የሚሉን አሉ። ጠበሉንም እንጠመቃለን፣ ዱዓም እናደርጋለን፤ መርፌውን ግን አንጥልም። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1922 በካናዳ ቶሮንቶ ለአንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪሰጥ ድረስ፣ እንደ እኅታችን ያለ ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር። ዛሬም መርፌውን ያቆመ ሰው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ምክሩ ከፍቅር እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ግን እባካችሁ ለልጆቻችን አትንገሩብን።

ከእኛ አንዱ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ብታዩ አፉን አታሽትቱ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ ወይም በሻይ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙለት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን ምንም ነገር በአፉ አታድርጉ፤ ቶሎ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ድንኳኑና ወንበሩ በሚቀመጡበት ክፍል አንድ ጣሳ ስኳር እንዲቀመጥ ጠይቀን ሊቀመንበሩ ፈቅደውልናል። ጣሳው ቀይ ምልክት አለበት። ለቡና እንዳትወስዱት አደራ።