ካንሰር ብቻውን አያድግም



ካንሰር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከሥርዓት ወጥቶ ያለ ልክ የሚባዛ ሴል ነው። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ይህ የእውነቱ ግማሽ ብቻ ነው። ያ ሴል ሥር የሚሰድደው በዙሪያው ያለው ጤነኛ ሥጋ ሲመግበው፣ ሲከልለውና መንገድ ሲለቅለት ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ስለተዘነጋው ግማሽ ነው፤ በላስታ የሰው ሕይወትና የሰው እግር ሊያተርፍ የሚችል ዕውቀት እዚህ ውስጥ አለና።

ከራሳችን ቤት ከላስታ ልነሣ። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ብርድ የገጠር ቤት ኑሮ ምድጃን የከበበ ነው። ዳዴ የሚል ሕፃን እሳት ላይ ይወድቃል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲጥለው እጁ ወይም እግሩ ፍም ውስጥ ይገባል፤ በሽታው በንክኪ ይጋባል ብለው የሚፈሩ ሰዎች ቶሎ ሳያነሡት የሚቀሩበት ጊዜም አለ። ጥልቅ ቃጠሎ ተገቢውን ሕክምና ካላገኘ በስስ ጠባሳ ይሸፈናል። ጠባሳው ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ከሆነ በእርምጃ ቁጥር ይሰነጠቃል፤ ይደርቃል፣ ደግሞ ይከፈታል። ሃያ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ከከረመ በኋላ የቁስሉ ጠርዝ ይጠጥራል፣ ከፍ ከፍ ይላል፣ ሲነካ ይደማል፣ ሽታው ይከፋል። ያን ጊዜ ካንሰር መጠርጠር አለበት።

ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ዣን ኒኮላ ማርዦላን እ.ኤ.አ. በ1828 ስለ እንዲህ ዓይነቱ ቁስል ጽፎ ስለነበር በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አብዛኛው ጠባሳ ዕድሜ ልኩን ካንሰር አይሆንም፤ ማንም ጠባሳውን እያየ አይሸበር። የሚያሰጋው እየተከፈተ የሚዘጋው፣ ከናካቴውም አልድን ያለው ነው።

ከእንዲህ ያለ ቁስል ጠርዝ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ፣ በጣም ስስ ሆኖ ተልጦና ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነገሩ ይገለጣል። የካንሰሩ ሴሎች ሐምራዊ አስኳላቸው ገዝፎና ቅርጹ ተዛብቶ፣ በቡድን በቡድን ከቆዳው ወደ ታች ሲወርዱ ይታያሉ። ግን ብቻቸውን አይደሉም። ዙሪያቸውን ሮዝ የኮላጅን ጭረት ሞልቶታል፤ በጭረቱ መካከል ኮላጅኑን የሚሠሩት ቀጫጭን ፋይብሮብላስቶች ተጋድመዋል፤ ደቃቅ የደም ሥሮች አሉ፤ በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሴሎችም ዳር ዳሩን ተከማችተዋል። ዕጢ የምንለው ይህን ሁሉ አንድ ላይ ነው።

እነዚህ ረዳቶች ከየት መጡ? ቁስል ሲድን የሚሆነውን እንመልከት። ሥጋ ሲቆረጥ ደም ይረጋል፤ ከረጋው ደም የሚወጡ ኬሚካላዊ መልእክቶች ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራሉ። ማክሮፌጅ የተባሉት የሞተውን ያጸዳሉ፣ ፋይብሮብላስቶች ኮላጅን ይዘረጋሉ፣ አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ፣ የቆዳ ሴሎች እየተባዙ ክፍቱን ይሸፍናሉ። ሥራው ሲያበቃ ሁሉም ያቆማል። የካንሰር ሴል እነዚያኑ መልእክቶች ያለማቋረጥ ይልካል፤ ስለዚህ ጥገናው ማብቂያ ያጣል። ኮላጅኑ እየበዛ ዕጢው ይጠጥራል፤ የደም ሥሮቹ ካንሰሩን ይመግባሉ፤ ማክሮፌጆቹም ሥጋውን እየበሉ መተላለፊያ የሚከፍቱ ኢንዛይሞችን ያመነጫሉ። አሜሪካዊው የፓቶሎጂ ሊቅ ሃሮልድ ድቮራክ ይህን ተመሳሳይነት አስተውሎ ዕጢን ከማይድን ቁስል ጋር ያዛመደው እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር።

ለዚህ በዶሮ ላይ የተሠራ ግሩም ማስረጃ አለ። ፔይተን ራውስ እ.ኤ.አ. በ1911 በዶሮ ላይ ዕጢ የሚያመጣ ቫይረስ አገኘ፤ በ1966ም የኖቤል ሽልማት ተሸለመበት። በ1980ዎቹ ኢራን የተወለደችው ሳይንቲስት ሚና ቢሴልና ባልደረቦቿ ይህንኑ ቫይረስ የጫጩት ክንፍ ላይ ወጉ፤ ዕጢው በተወጋው ክንፍ ላይ በቀለ። ሌላኛውን ክንፍ ሲያቆስሉት ግን ቁስሉ ላይም ዕጢ ወጣ። እንቁላል ውስጥ ባለ ሽል ላይ ሲወጉት ደግሞ ዕጢ አልያዘም። ቫይረሱ ያው ነው፤ ልዩነቱን የፈጠረው ያረፈበት ሥጋ ነው።

ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1889፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲቨን ፓጄት በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን መዝገብ መርምሮ ነበር። ካንሰሩ እንዳገኘ አልተሠራጨም፤ ጉበት ላይ አዘውትሮ ሲያርፍ፣ ብዙ ደም የሚደርሰው ጣፊያ ግን እምብዛም አልተነካም። ፓጄት ዘር የሚበቅለው የሚስማማው መሬት ላይ ሲያርፍ ነው ሲል አስረዳ። ጭንጫ የሚያርስ የላስታ ገበሬ ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

የቆየ ጠባሳ ለካንሰር የሚስማማ መሬት የሚሆነው በሦስት ምክንያት ነው። የቆዳው ሴሎች ክፍቱን ለመሸፈን ለዓመታት ሳያርፉ ስለሚባዙ ስሕተት ያጠራቅማሉ። ብግነቱ አይበርድም፤ የሚያድስ መልእክትም አይቋረጥም። የደምና የሊምፍ ሥሮች በቃጠሎው ስለተጎዱ ተከላካይ ሴሎች እንደልብ አይደርሱም። ቢደርሱም ካንሰሩ የሚያስቆማቸው ዘዴ አለው፤ ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ይህ ማስቆሚያ እንዴት እንደሚነሣ ስላሳዩ ነው።

በዚህ ግኝት የተሠሩት አዳዲስ መድኃኒቶች ውድ ናቸው፤ ለላስታ ገበሬ ሩቅ ናቸው። መሬቱን ለካንሰር እንዳይመች ማድረግ ግን ዛሬውኑ በእጃችን ነው። የሚጥል በሽታን የሚቆጣጠረው ፌኖባርቢታል ርካሽ መድኃኒት ነው፤ በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚወስደው ሰው እሳት ውስጥ የመውደቅ ዕድሉ ይቀንሳል። ምድጃን ከፍ ማድረግና መከለል ሕፃናትን ያድናል። የተቃጠለ አካል ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት፤ ቅቤ፣ ጭቃም ሆነ እበት አይቀባ። ጥልቅ ቃጠሎ ቆዳ ሊተከልለት ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ይየው።

የጤና ባለሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከሦስት ወር በላይ ያልዳነ ቁስል በፋሻ ብቻ ሊሸኝ አይገባም። ጠርዙ ከጠጠረ ከተለያየ ቦታ ናሙና ይወሰድ። ሕመምተኛው በጋሸና አድርጎ ወልድያ ወይም ደሴ ሆስፒታል ለመድረስ አቅም ቢያጣ እንኳ፣ ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ሆኖ ሊሄድለት ይችላል። ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ ዙሪያውን አስፍቶ ቆርጦ በማውጣትና ቆዳ በመትከል እግርን ማትረፍ ይቻላል፤ አጥንት ከደረሰ ግን ብዙ ጊዜ እግር መቁረጥ ይመጣል።

ክቡራን አባቶች፣ የቆሰለ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ጠበሉና ወደ እናንተ ነው። ቃላችሁ ይሰማልና፣ ጠበሉን ሲጠመቅ ሐኪምም እንዲያየው ንገሩልን። የሚጥል በሽታ በንክኪ እንደማይጋባና የወደቀውን ፈጥኖ ከእሳት ማውጣት ግዴታ እንደሆነም አስተምሩልን። በላስታ ይህን ካንሰር መከላከል የሚጀምረው አንድ ሰው እሳት ላይ ሳይወድቅ፣ ከወደቀም ቁስሉ ሳይከርም ነው።